የአባቴ ወረቀትና የሸህ ኑርዬ ዓይን

ሐይቅ ከተማ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለፈው መስከረም የልጅ ልጄ «ደብተር ይግዙልኝ» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ባለሱቁ ጎረምሳ ነው። አዲስ የወረቀት እሽግ በምላጭ ቀደደና ጠረጴዛው ላይ አራገፈው። ሽታው መጣብኝ። ያልተነካ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ ገለባ ገለባ፣ ትንሽ ኖራ ኖራ ይላል። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምን ሁነው ነው አባባ?» አለች ልጅቱ።

«ሙቀቱ ነው» አልኋት።

ዋሸሁ። በወረቀት ነገር ስዋሽ ደግሞ ያ መጀመሪያዬ አይደለም። የመጀመሪያውን የዋሸሁት የአሥር ዓመት ልጅ ሁኜ፣ ዓይናቸው እየደከመ ለነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። ይኼን ነገር ለሚስቴም ለልጆቼም ሳልናገር ሸመገልሁ። የማውቀው ፊደል ጥቂት ነው፤ በዚያው በጥቂቱ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከባቲ ወዲህ በበቅሎ ጨው እየጫነ ሐይቅና ውጫሌ ገበያ ያራግፋል። እሱ ራሱ አንድ ፊደል አይለይም። ወረቀት የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ግን በቅሎዎቹን ወደ ዳር ያስወጣ ነበር፣ ሰውየው እንዲያልፍ። እኔም ልጁ ወረቀት ይዤ እንዳልፍ ፈለገ።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ለሸህ ኑርዬ ሰጠኝ። ሸህ ኑርዬ ከሐይቅ በላይ፣ ወደ አምባሰል በሚያወጣው አቀበት ላይ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። ሰጠኝ ማለት እዚያው እያደርሁ፣ እንጨት እየለቀምሁ፣ ውሃ እየቀዳሁ እንድቀራ ነው። እንደኔ ያለው ተማሪ ደረሳ ይባላል። ሸሁ ሚስታቸው ሙታለች፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ከባሏ ተፋታ የተመለሰችው ልጃቸው ዘይነባ ናት። ምላሷ ይቆርጣል፣ እጇ ግን አይሰስትም።

አባቴ ሲያስረክበኝ ከጋቢው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አንድ ደስጣ ወረቀት ነው፤ ሃያ አራት ቅጠል፣ እንደ ወተት የነጣ። በላዩ ላይ ቀይ የቀለም ዱቄት ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጣለች።

«ሸህ፣ ይኼ ልጅ ጸሐፊ እንዲሆንልኝ ነው» አለ። ወደኔ ዞረና ደግሞ ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንዷን ቅጠል ታበላሻትና ወዮልህ!»

ሸህ ኑርዬ ጨርቁን ፈቱት። የላይኛዋን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ከዚያ መልሰው ጠቀለሉና እጄ ላይ አኖሩት።

«ማሻአላህ። ስማኝ ይመር፣ ይኼ አማና ነው። ነገ አላህ ፊት ‹ምን አደረግህበት?› ትባላለህ።»

አማና ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ጎረቤታችን አገር ጥሎ ሲሄድ እናቴ ዘንድ አንድ ሣጥን በአማና ትቶ ነበር። እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ክዳኑን አልነካችም። ሰውየው ሲመለስ ከነአቧራው ነው ያስረከበችው፤ አቧራውም የሱ ነው ብላ። ስለዚህ ሸሁ ያሉት በደንብ ገባኝ። የቂያማ ቀን አባቴ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ እኔ ሃያ አራቱን ቅጠል አንድ ባንድ እቆጥርለታለሁ። «ምን አደረግህበት?» ስባል «ምንም!» እላለሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አልመሰለኝም።

ደረሳ የሚጽፈው በሎህ ላይ ነው። ሎህ የእንጨት ሰሌዳ ነው፣ መያዣ ጆሮ ያለው። ቀለሙን ራሳችን እናበጃለን። የድስት ቂጥ ፍቀን ጥላሸት እናወጣለን፣ የአረረ ገብስ እንወቅጥበታለን፣ የግራር ሙጫ እናሟሟበታለን። ብዕሩ ከሐይቁ ዳር የሚቆረጥ መቃ ነው፤ ጫፉ በምላጭ ተቆርጦ ይሰነጠቃል። ሸሁ አንቀጹን ይሰጡናል፣ እንጽፋለን፣ እንቀራለን፣ በቃል ስንይዘው ሎሁን እናጥባለን።

ያ እጣቢ ደግሞ መሬት አይደፋም። የአላህ ቃል ያለበት ነው። ወይ ለታመመ ሰው ይሰጣል፣ ወይ እዚያው እንጠጣዋለን። ጥቁር ውሃ ነው፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ሙጫው ከንፈር የሚያጣብቅ። እኔ ያን ክረምት ያልጠጣሁት ስህተት የለም። የጎበጠውን፣ የተረሳውን፣ የተገለበጠውን ሁሉ አጥቤ እጠጣለሁ፤ ሎሁ ነጭ ይሆናል፣ ነገ እንደገና ነው። እንጨት ቂም አይይዝም።

ሸህ ኑርዬ ግን በወረቀት ነበር የሚጽፉት። በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚገባበት፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ጠረጴዛ አድርገው ይጽፋሉ። የሚጽፉት የሸሃቸውን መንዙማ ነው። ሸሃቸው ነቢዩን ሲያወድሱ የኖሩበትን ግጥም አንድም ቦታ ሳያሰፍሩት ነው የሞቱት፤ ሙሉውን የያዘው የሸህ ኑርዬ ልብ ብቻ ነበር። በአረብ ፊደል አማርኛውን ይጽፋሉ፣ እያንጎራጎሩ። ለመውሊድ ጨርሰው የተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ሊያስነብቡት ነው የቸኮሉት። በቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ጋርዶበታል፣ ግራውም እየተከተለው ነበር።

«ዓይናቸው ሳይቀድማቸው ቢጨርሱ» ትላለች ዘይነባ፣ እህል ስታበጥር፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ለራሷ።

አንድ ቀን ሸሁ ጠሩኝ። «ይመር፣ ወረቀትህን አውጣና ጻፍበት እንጂ። እጅ በሎህ ብቻ አይገራም። ወረቀት ላይ ስትጽፍ ትጠነቀቃለህ፣ ስትጠነቀቅ ትማራለህ።»

እምቢ ማለት አልችልም። ቀትር ላይ አንዲት ቅጠል ሳብ አድርጌ ከማሳው ጥግ ወይራዋ ሥር ሄድሁ። ቢስሚላህ ብዬ ቢስሚላህን መጻፍ ጀመርሁ። ወረቀቱ ቀለሙን ጠጥቶ አሰራጨው፣ ሲን የምትባለው ፊደል ጥርሷ ሦስት መሆን ሲገባት አራት ሁና አረፈች። ወዮልህ ያለው የአባቴ ጣት እፊቴ ተገተረ።

እና ምን አደረግሁ? የማውቀውን። ወደ ምንጩ ሮጥሁና እንደ ሎህ አጠብኋት።

ወረቀት እንደ እንጨት አይደለም። እጄ ላይ ሟሟች፤ ሊጥ ሆነች። ጣቶቼ መሃል ጥቁርና ነጭ ቡኮ ቀረ። እንዳልጥለው ስመ አላህ አለበት። እንዳልቀብረው መሬት ነው። ሎህ የታጠበበት ይጠጣል፤ ይኼ የሚጠጣ አይደለም። ጠቀለልሁና ወደ አፌ ከተትሁት።

ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዓይኔ ሊወጣ ነው። ዘይነባ እንስራዋን አዝላ መጥታ ደረሰችብኝ፤ እንስራውን አውርዳ ጀርባዬን በመዳፏ ደቃችው።

«ምን ዋጥህ? አንተ! ምን ዋጥህ?»

ሲወርድልኝ ጊዜ «ቢስሚላህን» አልኋት።

መጀመሪያ ያበድሁ መሰላት። ነገሩን ስነግራት ሳቋ መጣና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያረቢ! ሰው ቢስሚላህ ብሎ ይበላል፤ ይኼ ቢስሚላሁን ራሱን በላው!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ወረቀቱን በጨርቁ ጠቅልዬ፣ በገመድ ሦስት ጊዜ አስሬ፣ ከመኝታዬ ቁርበት ሥር ቀበርሁት። ሃያ ሦስት ቀርቷል። ሃያ ሦስቱ እንደነጡ ወደ አባቴ ይመለሳሉ። ቀን ቀን ማንም ሳያየኝ ቁርበቱን ገለጥ አድርጌ አሸተውና መልሼ እከድነዋለሁ። ሸሁ «ወረቀቱ ላይ እየጻፍህ ነው?» ሲሉኝ «እየጻፍሁ ነው» እላለሁ። ትንሽ ውሸት ናት፣ በቀን አንድ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። አንድ ጧት ስንነሣ የጓዳው ግድግዳ ጭቃው ተንዶ፣ የሸሁ ወረቀት የሚቀመጥበት ግድግዳ ውስጥ ያለ መስኮት አብሮ ፈርሷል። የተጻፈው በቆዳ ማኅደር ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ያልተጻፈበት ግን ውሃ ጠጥቶ እንደ ቂጣ ተጣብቋል። ዘይነባ አንድ ባንድ ልትልጠው ሞከረች፤ እጇ ላይ ተቆራረሰ።

ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ሐይቅ ገበያ የሚወርድ የለም። ሸሁ እኛን ደረሶችን ሰበሰቡን። ስምንት ነበርን።

«ወረቀት ያለው አለ ልጆቼ? ለመንዙማው ነው።»

ሁሉም ተያየ። ሰይድ የሚባል፣ ከሁላችን ትልቅ የሆነ፣ ድምፁ ያማረ ደረሳ ነበር። «ይመር አለው! አባቱ ያመጣለት አለ» አለ፣ በጣቱ እያሳየኝ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዘይነባም በበሩ በኩል ቆማለች።

አልቋል ብል ይቀራል ብዬ አሰብሁ። «አልቋል» አልሁ። «ጻፍሁበት።»

«ሁሉንም?» አሉ ሸሁ።

«ሁሉንም።»

ይቆጣሉ፣ ያዝናሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው በራ! መንዙማውን የረሱት ነው የሚመስለው። «አልሐምዱሊላህ! ይኼን ሁሉ ቅጠል? ዝም ብለህ፣ ሳትነግረን? በል አምጣልኝ፣ እጅህን ልየው።»

ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃው ካልደረሰበት ጥግ ያለውን ቁርበቴን ገለጥሁ። ሦስቱን ቋጠሮ ፈታሁ። ነጭ ነው፣ ሁሉም ነጭ ነው። ከውጭ ይጠብቁኛል፤ የዝናቡ ድምፅ አለ፣ የሰይድ ሳል አለ። የያዝሁት ሐሳብ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቀውም። አንዲት ባዶ ቅጠል ለሁለት አጥፌ ይዤ ወጣሁና ሰጠኋቸው።

ሸሁ ወደ በሩ ብርሃን ተጠጉ። ቅጠሏን ከፍተው ሽፋሽፍታቸው እስኪነካ አስጠጓት። ከቀኝ ወደ ግራ አውራ ጣታቸውን አሳለፉባት። ደግመው አሳለፉ። ሰይድ አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሲል ጀርባቸውን ሰጡትና ቅጠሏን ደረታቸው ላይ አደረጓት።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «ንጹሕ እጅ ነው።»

አጠፏትና መለሱልኝ።

እኔ ጅሉ ደስ አለኝ! ዓይናቸው ጠፍቷል፣ አላዩም፣ አመለጥሁ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ጓዳ ተመልሼ ቋጠሮውን አራት አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ ሸሁ በምን እንደጻፉ ልንገራችሁ። ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣ ቡናማ ወረቀት ጻፉ። ሰዎች ከላኩላቸው ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ጻፉ። ቦታው እንዲበቃ ብለው ፊደሉን አሳነሱት፣ አሳነሱት፣ የጤፍ ፍሬ አከለ። ፊደሉ ሲያንስ አንገታቸው ይጎብጣል፤ እንባቸው አፍንጫቸውን ተከትሎ ጺማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዘይነባ ቅጠል በዘፈዘፈችበት ውሃ ዓይናቸውን ታጥብላቸዋለች።

«አባዬ፣ ትልቅ አድርገው ይጻፉ!»

«የት ላይ ልጄ?»

ይኼን እየሰማሁ ሎሄን ይዤ እቀራለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምቀራው፣ እንዳልሰማቸው።

መስከረም ጠባ። ትልልቆቹ ደረሶች ሰብል ጥበቃ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ ለመውሊድ ሊመለሱ። ሰይድም ሄደ። የኔ አባት መንገድ ላይ ስለሆነ እኔ ቀረሁ። ከታች በመንገዱ የግሸን ተጓዦች ነጠላ አጣፍተው እየዘመሩ ያልፋሉ፤ ዘይነባ እንስራ ይዛ ትወርድና ውሃ ታጠጣቸዋለች።

አንድ ረፋድ ሸሁ በሩ ላይ ሲጽፉ ቆዩና «ይመር» አሉኝ፣ ብዕራቸውን እንደያዙ። «ብዕሩ ቀለም ይይዛል?»

ሄጄ አየሁ። ይይዛል። ግን መስመሩን በመስመሩ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደርበው ጽፈውበታል። ጥቁር ገመድ ነው የሚመስለው።

«ይይዛል» አልሁ።

«እና?»

«አንዱ ባንዱ ላይ ነው፣ ሸህ።»

ብዕሩን አስቀመጡት። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው። ዘይነባ ከውጭ ሰምታ ኖሮ እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ብዙ ቀርቷል?» አለች።

«ሲሶው» አሉ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ። «እዚህ አለ። መውጫ ነው ያጣው።»

እዚህ ላይ ደግ ሰው ሁኜ ልታይ እችል ነበር፤ ማን ያውቃል? ግን እውነቱን ልናገር። ራርቼላቸው አልተነሣሁም። ፈርቼ ነው። ያ በግንባራቸው ውስጥ ያለው ግጥምም አማና እንደሆነ ያን ጊዜ ድንገት ታየኝ። የቂያማ ቀን አባቴ ሳይሆን ሌላ ሰው፣ የሸሁ ሸህ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ እፊቴ ቁመው «የኔስ?» ሲሉኝ ታየኝ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ፣ አራቱን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት።

ሸሁ ዳሰሱት። ከየት መጣ አላሉም። ውሸታም አላሉኝም።

«ስንት ቅጠል ነው?»

«አንዷ ስትቀር ሁሉም።»

«አንዷስ?»

«በላኋት።»

ዘይነባ ነግራቸው ኖሯል። ያ ሁሉ ሐዘን ፊታቸው ላይ እያለ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «በል ቁጭ በል። ቢስሚላህ በልና ጀምር። እንዳትበላው እንጂ!»

ብዕሩን ቀለም ነክሬ ከወረቀቱ በላይ ያዝሁት። ነጩ ወደ ላይ አፈጠጠብኝ። አልወርድ አለኝ እጄ። እንዲህ ሁኜ ስቆይ ከብዕሩ ጫፍ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ከመሃል። ማልቀስ ጀመርሁ።

«ምን ሁነህ ነው?»

«ጠብታ ወደቀ።»

«የት ላይ?»

«መሃሉ ላይ።»

«እንግዲያ ዙሪያዋን ጻፍ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። የግጥሙን ቃል አወጡ፣ ደገሙልኝ፣ እኔም ዙሪያዋን ጻፍሁ።

አሥር ቀን ጻፍን። እሳቸው እያንጎራጎሩ ይሰጡኛል፣ እኔ እጭራለሁ። የነቢዩ ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ቆርቆሮዋን ስከፍት ዱቄቱ በክረምቱ እርጥበት ድንጋይ ሁኖ ጠበቀኝ። በምስማር ፍቄ ሳሟሟው የወጣው ቀለም የታጠበ ደም ይመስላል። ሰኔ ላይ ከፍቼው ቢሆን እንዴት በቀላ!

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ መስመር ስጨርስ ሸሁ «ቆይ» አሉኝና የደረቀውን መስመር በአውራ ጣታቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዳሰሱት።

«እዚህ ጋ አንድ ቃል ዘለሃል» አሉ።

አየሁት። እውነት ነው፣ ዘልያለሁ።

«በምን አወቁ?»

«ሙጫ አለው እኮ ቀለሙ። ሲደርቅ ከወረቀቱ ከፍ ይላል፤ ጣት ያገኘዋል።»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ያን የዝናብ ቀን አውራ ጣታቸው ባዶዋ ቅጠል ላይ ሁለት ጊዜ ሲሄድ ታየኝ። ጀርባቸውን ለሰይድ ሲሰጡት ታየኝ። ንጹሕ እጅ ነው። አውቀዋል። ከመጀመሪያው አውቀዋል፤ አውቀው ሸፈኑኝ፣ አውቀው ስኳር ወረቀት ላይ ዓይናቸውን ጨረሱ፣ የልጁ አማና ነው ብለው።

ያን ጊዜ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አፉ ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ደርሳ ነበር ቃሏ። እሳቸውም የሚጠብቁኝ ይመስላሉ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ብዕሩን አነሣሁና «ቀጥሎ ማን ነው?» አልሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ቃል። ቃሉን ሰጡኝ። በቀጣዩ ክረምት ሞቱ፣ አላህ ይርሐማቸው፤ እኔ አልነበርሁም።

መጽሐፉ ለመውሊድ ደረሰ። ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከየሰፈሩ ሰው መጣ። በቅጠል ዳስ ተሠራ፣ ድቤ የሚባለው ከበሮ ተሟቀ፣ ጫቱ ታደለ። ረፋድ ላይ የመንዙማው መጽሐፍ ቀረበ። የሚያነበው ሰይድ ነው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ። ሸሁ ከጎኑ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ላይ ከጫማው ክምር አጠገብ ነኝ።

ሰይድ የሸሁን ቅጠሎች ሲያነብ ውሃ ነው፣ አይደናቀፍም። ድቤው ይከተላል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ወደ ስኳሩ ወረቀት ደረሰ፤ ፊደሉ ትንሽ ነው ግን ያምራል፣ ያንንም ተወጣው። ከዚያ ነጩ ወረቀት መጣ፣ የኔው።

ተደናቀፈ። መለሰ። እንደገና ተደናቀፈ። ድቤው ጠበቀውና ቆመ። ሰይድ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ቀና፣ ዘንበል አደረገ። ሸሁ ሳይቸኩሉ ቃሉን ከልባቸው አወጡለት። ሁለት መስመር ሄደ፣ ቆመ። ሸሁ ደግመው አወጡለት። ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ።

ከሐይቅ የመጡ አንድ ሙሉ ሰው ከፊት ተቀምጠው ነበር፣ ቀልደኛ ናቸው። አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩና «ኧረ ይኼ ምንድን ነው? ሰው ነው ዶሮ የጫረው?» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሰይድም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። እኔና ዘይነባ፤ ከሴቶቹ መሃል ሁና በቀጥታ ወደኔ ነው የምታየው።

ሸህ ኑርዬ እጃቸውን አነሡ። ሳቁ ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዓይኔ ከዳኝ።»

ውሸት አልተናገሩም፤ እሳቸው ውሸት አያውቁም። ዓይናቸው ከድቷቸዋል። ጥፋቱንም ራሳቸው ወሰዱት። ሰዉ ግን የጻፉት እሳቸው መሰለው። ቀልደኛው ሰውዬ ደነገጡና ከተቀመጡበት ተነሥተው የሸሁን ጉልበት ሊስሙ ሄዱ። «አፉ ይበሉኝ ሸህ፣ ምላሴን ይቁረጠው፣ አፉ ይበሉኝ!» ይላሉ። ሸሁ «አውፍ ብያለሁ፣ አውፍ» ይላሉ።

ሰውየው ይቅርታ ሲለምኑ እኔ ምን አደረግሁ? ጫማ አስተካከልሁ። የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ። በዚያ ዳስ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀው ሰው ያላጠፋው ነው፤ ጥፋቱን የተቀበሉትም ያላጠፉት ናቸው። ያጠፋው ጫማ ይደረድራል። ዛሬ ይኼን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ዘይነባ ቁራጭ ሥጋ ይዛልኝ መጣችና አኖረችልኝ። «ምነው አትበላም? የምትበላው ወረቀት ብቻ ነው?» አለች። እንደድሮው ሳቋ አልነበረበትም። ጥላኝ ሄደች።

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ እንግዶቹ ሄደው ደረሶቹ ግቢውን ሲጠርጉ፣ የተረፉትን ቅጠሎች አወጣሁ። አራት ናቸው። ቀለሜን ይዤ በሩ ላይ፣ ገቢ ወጪው በሚረግጠው ቦታ፣ ተቀመጥሁ። ቅጠሏን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። የምጽፈው ከልቤ የማውቀውን የመንዙማውን መጀመሪያ ነው። ነጩ እንደ በፊቱ ያፈጥብኛል። ይብላኝ ለአንተ አልሁትና ጀመርሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቀለሙ ፈሰሰ። ዙሪያውን ጻፍሁ።

ሰይድ መጥረጊያውን እንደያዘ መጥቶ ቆመ።

«ለካ ወረቀት ነበረህ! አልቋል ያልኸው?»

ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ቆይ... ቆይማ። ይቺን ሚም ፊደል አውቃታለሁ። ይቺ ጅራቷ የተሰበረ...» መጥረጊያው ወደቀ። «ያ ረቢ! ትናንት ያሰቃየችኝ ናት! ሸሁ አይደሉም የጻፉት! ኑ! ኑማ እዩ፣ ሸሁ አይደሉም፣ ይኼ ነው!»

መጡ። ሰባቱም መጡና ከበቡኝ። ጥላቸው ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ጋቢዬ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ጣል ባደርግበት ይሸፍነዋል። እጄ ወደ ጋቢው ሄዶም ነበር። ከጓዳ የሸሁ ሳል ተሰማ፤ ነቅተዋል፣ ሁሉንም ይሰማሉ።

«አንተ ነህ አይደል?» አለ ሰይድ። «ተናገር እንጂ!»

«እኔ ነኝ» አልሁት፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ብዕሩን ነከርሁና ቀጣዩን መስመር ጻፍሁ። እሱም ጠማማ ወጣ።